ምልክት

ሻርጃ፣ ሮላ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን ያለች ጽሕፈት ቤት።
ዘቢባ ትነግረኛለች፣ እተይባለሁ።
ከ«እመለሳለሁ» ፊት ምልክት አኖርኩ፤
የወሩን ስም ትጠብቅ ብዬ።

«ቆይ፣ ከላይ የቆርቆሮውን ዕዳ ጨምር።
የሰዒድንም የትምህርት ቤት ክፍያ።»
አርባኛ ፊደል ላይ የነበረች መቶ ሃያኛ ሆነች፤
ቁጥሯ ሸሸ እንጂ
እሷስ ያው ከ«እመለሳለሁ» ፊት ናት።

የማዳሟን ስም በዐረብኛ ሳስገባ
ፊደሉ ከቀኝ መጣ፤
ጠቋሚዋ ድንበሩ ላይ ደርሳ
ግራ ገባት።
ዘቢባ ሳቀች፦ «እኔን መሰለች!»

«ወሩስ?» አልኳት።
ሰዓቷን አየች። «አስቀምጠው፣ ጁምዓ እመጣለሁ።»

ጁምዓ ብቻዬን ከፈትኩት።
ደብዳቤው አንድ ሆሄ አልጎደለውም፤
ጠቋሚዋ ከ«ይድረስ» ፊት፣ ከመጀመሪያው።
ያቺን የምትጠብቀውን
ማሽኑ አላስቀመጣትም።