ጥያቄ ቁጥር አራት

«ጥያቄ ቁጥር አራት፤ ከአሥር ይታረማል፦
የአሜሪካን መንግሥት የጦርነት ጠባይ
ከነምክንያቱ ተንትን። ግማሽ ገጽ ይበቃል።»

ግማሽ ገጽ!

እኔ እዚህ ማራኪ ግቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
መብራት በሄደበት፣ በስልኬ ጭላንጭል፣ ባትሪው እስኪያልቅ፣
ማንም ያልሾመኝ ዳኛ፣ ማንም ያልጠየቀኝ፣
የዓለሙን ጌታ ላስጨንቅ ተነሣሁ፤ እስክሪብቶ አስታጥቁኝ።

ከምርጫው ልጀምር። አራት ዓመት ቆጥሮ
አንዱ ይወጣና አንዱ ይገባል፣ ተሰዳድቦ፣ ተማርሮ፤
ተሸናፊው ግን ቤቱ ገብቶ ያድራል፣
ማለዳ ተነሥቶ ውሻውን ያንሸራሽራል።
እውነቱን ልናገር፦ ይኼ ያስቀናኛል።

ግን ያው ድምፅ ቆጣሪ፣ ያው ሕግ አክባሪው፣
ባሕር ሲሻገር ይለወጣል ባሕርይው።
«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ይላል የኛ ሀገር ሰው፤
እነሱ ዘንድ ስደርስ ተረቱን ገልብጬ ጻፍኩት፦
የቤት አልጋ፣ የውጭ ቀጋ። ሌላ ምን ልበለው?

ልብሳችንን የምታጥበው እትዬ ደጊቱ፣
ከቅዳሜ ገበያ በታች ነው ቤቷ፤
የጣሪያዋን ቀዳዳ በዘይት ቆርቆሮ ደፍናለች፣
ሁለት እጅ ተጨባብጦበታል፤
«ከአሜሪካ ሕዝብ» ይላል፣ ግማሹን ዝገት በልቶታል።
አንድ ቀን ጠየቀችኝ፣ ሳሙናዋን እያጋባች፦
«ከሁለቱ እጅ የኔ የትኛው ነው?» አለች።
መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝ።

ያው መዝገብ ቤት ነው፣ ያው ቀለም፣ ያው ፊርማ፣
የደጊቱን ጣሪያ ደፍኖ የሌላዪቱን የበሳ፣ በሌላ ከተማ።
ስሟን አላውቅም። እሷም ልብስ አጣቢ ትሆን ይሆናል።
ዜናው «ተጓዳኝ ጉዳት» ይላትና
ወደ አየር ጠባይ ያልፋል።

ከተማው መሐል የነገሥታቱ ግንብ በጨለማ ቆሟል፤
እነሱም «አንወድቅም» ብለው ነበር፤
ዛሬ ቁልፋቸውን ትኬት ቆራጩ ይዞታል።

ሕዝቡንስ አልረግምም።
አያቴን አልጀብራ ያስተማረው ሰላም ጓድ ነበር፣
የሀገሩን ጦርነት ሸሽቶ መጥቶ፣ አዘዞ የሚያድር፣
ጠመኔ አፍንጫው ላይ፣ በተሰበረ አማርኛ፦
«መንግሥቴና እኔ ሁለት ነን» ይል ነበር አሉ፣ «አንደመርም»።

እዚህ ላይ አይሸሽም ከላይኛው አልጋ አንገቱን አወጣ፤
የሕግ ተማሪ ነው፣ በፈተና ሰሞን እንቅልፍ ያጣ።
ጮክ ብዬ ሳነብ ሰምቶኝ ኖሯል ለካ።
«ጎሽ» አለኝ፣ «ነጩን ቤተ መንግሥት አንቀጠቀጥከው፤
ግን ያ ተረት፣ ገልብጠህ የጻፍከው፣
ሳይገለበጥ በፊት
የማን ነበር? የት ሀገር ነው ያገኘኸው?»

ዝም።

ውጭ መኪና ያልፋል፣ መብራቱን አጥፍቶ፤ ጭነቱ አይታይም።
ከአንገረብ በኩል አንድ ነገር ጮኸ፤
ርችት ይሁን ሌላ፣ እኛ አንጠይቅም።

ለሩቁ መንግሥት ድምፄ ጎርናና ነው፣
አይሰማኝማ! ቢሰማኝስ ምኑ ነኝ፣ ምን ሊመስለው?
ለቅርቡ ግን...
እስክሪብቶው ቀለም አለው።
እጄ ነው የደረቀው።

ስልኬ ጠፋ። አይሸሽም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።
በጨለማው ውስጥ ተረቱን፣
ቀናውንም ግልብጡንም፣ ጣቴ ዳብሶ ሠረዘ፤
ጠዋት ወረቀቱን ሰጥቼ ወጣሁ።

በሳምንቱ መለሱልን። መምህር ሰጠኝ በቀይ ጽፈዋል፦
«ሰባት ከአሥር።»
ከሥሩ ደግሞ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ለኔ ብቻ፦
«የሠረዝኸው ይነበባል።»

ምክር ይሁን ማስጠንቀቂያ
እስካሁን አልለየሁም።
ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤
ሸሚዙን ለደጊቱ ሳልሰጥ ሰነበትኩ።