የአምባዛው መዝገብ

«በአምባዛ መታችኝ» ብሎ ላቀው ከሶ፣
ጉንጩን በፎጣ ይዞ፣ ሊያለቅስ ደርሶ፣
የጣቢያው ጸሐፊ ብዕሩን አቆመ፤
ሳቁን እየዋጠ «በምን?» ሲል ደገመ።

እንዲህ ተጀመረ የእኔ የማናህሎሽ ነገር፤
አንቀጽ ተሰጠው፣ ማኅተም፣ የመዝገብ ቁጥር።
«ቀላል የእጅ እልፊት» ተብሎ ይነበባል፤
ሦስት ኪሎ አምባዛ እንዴት ቀላል ይባላል?

ቅርፊት እየፋቁ፣ ቢላዋ እየሳሉ፣
የወደቡ ሴቶች «ጠበቃ ያዢ» አሉ፤
«ምላስሽ ረጅም፣ ትዕግሥትሽ ግን አጭር፣
እሱን የፈታሽ ለት አንቺን ነው የሚያስር።»

ከፎቶ ኮፒው ቤት በላይ ነው፣ በደረጃ፤
ከጣሪያ እስከ ወለል የሰው ሁሉ ማስረጃ።
እጄን ሁለት ጊዜ በሎሚ አጥቤ ሄድሁ፣
ሽታዬ ሳይቀድመኝ ፈጥኜ ተቀመጥሁ።
አቶ ይስማው፣ ጠበቃው፣ መነጽሩን አወለቀ፤
«ስምንት ሺህ» አለና ጥያቄውን ጠየቀ፦

«መታሽው?» «መታሁት።» «ይሄን ቃል እርሺው።
ዓሣ ያዳልጣል፤ ዳኛውን ‹አመለጠኝ› በይው።
ነፍስ ነበረው ወይ?» «ከሞተ ሦስት ሰዓት።»
ረጅም ተነፈሰ፤ ጻፈ፣ ሰረዛት።
«ኤግዚቢቱስ የታለ?» «ሸጥሁት በዚያው ዕለት፤
ጉላሽ ሆኖ ቀርቧል ለእንግዶች በራት።»
እኔ ግን በልቤ ብሩን እመነዝር፦
ስንት ቅርጫት ቀረሶ፣ ስንት ንጋት፣ ስንት ወር?

ከዚያ ነው ብዕሩን አስቀምጦ ያለኝ፦
«ለምን መታሽው?»

ዝም።

ታች መንገዱ ላይ ባጃጅ ይንጫጫል፤
በዘንባባው ራስ ላይ ጣና ብልጭ ይላል።

ፈንታሁን ከወጣ አራት ክረምት አልፏል፤
ታንኳው ብቻውን ዘጌ ዳር ተገኝቷል።
ከዚያ ወዲህ እኔ የዓሣ ሆድ ስቀድ
ዓይኔን እጨፍናለሁ።
ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም።
ላቀው ግን ያን ጠዋት፣ ሚዛን ሰርቆ ስይዘው፣
ሰው እየሰማ፣ እየሳቀ፣
«ባልሽን የበላውን ነው የምትሸጪልን» አለ።

ነገርሁት ለጠበቃው፣ በቀስታ፣ ወለሉን እያየሁ።
«በቃ፣ ይኸው መከላከያችን!» ብሎ ብዕር ሲያነሣ
እጁን ያዝሁት።
«አይጻፍ። ይህ ቃል ወረቀት ላይ አይወርድም።
ጸሐፊዋ ጮክ ብላ አታነበውም።»
«ብትታሰሪስ?»
«ልታሰር።»
እጄን አየ፤ እጄ ላይ ያለውን የቢላ ጠባሳ አየ፤
ወረቀቱን አጠፈ።

ቀጠሮው ቀን ደርሶ ጠበቃ ስጠብቅ፣
ላቀውን አየሁት ጥግ ይዞ ሲጠይቅ፦
«ችሎት ቆመህ ያልካትን ትደግመዋለህ፣ ቃል በቃል?
እሷ አትናገርም፤ አንተን ግን ያስምሉሃል።»

ላቀው መሬት አየ። ጉንጩን ዳሰሰ፣
ያልመታሁትን ጉንጩን።

አቤቱታው ተነሣ። ዳኛዋ መዝገቡን ዘግታ
የሚቀጥለውን ጠራች፤ የበግ ስርቆት ነበር።
እኔ አፌን አልከፈትሁም፤
የወደቡ ሴቶች እስከ ዛሬ ይህንን አያምኑም።

ቀሪውን አራት ሺህ ቆጥሬ ሰጠሁት፤
እሱም ደግሞ ቆጠረው፣ አንዲት ብር አልማረኝም።
የጠበቃ ሥራ ማውራት ይመስለኝ ነበር፤
ለካስ መጠበቅ ነው፣ ያልተባለን ነገር።

በማግስቱ ላቀው መጣ፣ ሚዛኑን አንጠልጥሎ፤
«አምባዛው ስንት ነው?» አለ፣ ራቅ ብሎ።
ዋጋውን ነገርሁት።
በጭራው ይዤ ላሳየው ብድግ ሳደርገው
ሁለት እርምጃ ሸሸ።