የባሕር ቅሬ

ኮምቦልቻ፣ ከባንኩ በላይ፣ ሁለተኛው ደርብ፣
የመድኗ ልጅ ስንዱ፣ «ይምጡ» አለች፣ «ቀረብ፣ ቀረብ»።
ሦስት ወረቀት ዘረጋች፦ ነጭ፣ ቢጫ፣ ወርቃማ፤
የወርቃማው ዋጋ ግን ከኪሴ የማይስማማ።

ልጄ ረምላ ናት ከዱባይ ቲኬቱን የላከች፣
«እማ፣ ሰባት ሌሊት ነው፣ እረፊ በቃ» ያለች።
መርከቡ አሥራ አራት ፎቅ፣ መዋኛ አለው ከላዩ፤
ባሕር ላይ ሌላ ባሕር፣ ምን ጉድ ነው ጃል ሲያዩ!
ግን ሕግ አላቸው፦ መድን የሌለው መሰላሉን አይረግጥም፤
ወረቀቱን ሳልይዝ ብሄድ ማንም እኔን አይጠብቅም።

ባሌ አሊዩ ትላንት ማታ «ነጩ ይበቃሻል» ብሎኛል፤
«ወረቀት ሰው አያድንም፣ ዱአው ይሻልሻል» ይለኛል።

ስንዱ ታስረዳለች፣ በስክሪብቶ እየጠቆመች፣
ያልገባኝ ሲመስላት ከላይ እየደገመች፦
«ነጩ ለሐኪም ይከፍላል፣ ሻንጣ ቢጠፋ ግን የለም፤
ቢጫው ሻንጣ ይጨምራል፤ ጥርስ ግን እሱም አያክም።
ወርቃማው ሁሉን ያዥ ነው፤ ልብ ቢደክም መሐል ባሕር፣
ሄሊኮፕተር ይመጣል፣ ያነሣዎታል ከመርከቡ ዳር።»

«የቆየ ሕመም አለብዎ?»
«ስኳር፤ ሻይ ስጠጣ የምረሳው።»
ሳቀች። «የልብስ?»
«እሱን ተይው።»

«ከዚህ በፊት በባሕር ተጉዘው ያውቃሉ?» ይላል። አዎ፣ ወይም አላውቅም።
ሁለት ባዶ ሳጥን አለ፤ ሦስተኛ ሳጥን አልሠሩም።

ከባቲ በእግር ወርጄ፣ አፋርን በሌት አቋርጬ፣
ኦቦክ ጠረፍ ላይ ሦስት ቀን በውሃ ጥም ተቀምጬ፣
በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከታናሽ ወንድሜ ከሙሄ ጋር፣
ሰማንያ ሰው በታጨቀባት ጀልባ ተሳፍሬ ነበር።
ያኔ ማን ጠየቀኝ ስኳር? ማን አዳመጠ የልብ ምቴን?
ደላላው ብቻ ቆጥሮ ወሰደ የላማችንን ዋጋ፣ ጥሪቴን።
እኩለ ሌት ነፋስ ተነሣ። «ሸክም ይቀነስ» አሉ።

ሸክሙ ሰው ነበር።
ሙሄ ከዳር ተቀምጦ ነበር።

እናቴ የቅሬ አባል ናት፣ አንድ ወር እንኳ አላጓደለች፤
ያ ቀን ግን ቅሬው ቢሰበሰብ «ሬሳው የታለ?» ተባለች።
ማንም ዶማ አላነሣ፣ ማንም ቃሬዛ አልያዘ፤
ያልተቀበረው ሐዘን ግን ቤት ቀረ፣ እንደ ተያዘ።

«እትዬ ጦይባ፣ ምነው ዝም አሉ? ውሃ ላምጣልዎ?» አለች።
«ውሃስ ይቅር፤ አንብቢልኝ ያቺን ከግርጌ የደቀቀች።»

አነበበች፦
«ተጓዡ በጉዞ ላይ ሳለ ሕይወቱ ቢያልፍ፣
ድርጅቱ አስከሬኑን እስከ ትውልድ ቀበሌው
በራሱ ወጪ ይመልሳል።»
ነጩ ላይ የለም። ቢጫው ላይ ግማሽ ወጪ። ወርቃማው ላይ ሙሉ።

«ድገሚልኝ።» ደገመች።
«ቀበሌዬ ከገርባ በላይ ነው፤ መኪናም አይወጣው።»
ስልክ ደወለች፣ ጠየቀች፤ «ቢሆንም ይደርሳል» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ፣ በቀስታው።

ለካ ይህም ቅሬ ኖሯል፤ እጀ ረጅም የሆነ ቅሬ፣
ከባሕር ሰው አንሥቶ የሚመልስ ለአገሬ።
አባሎቹን አላውቅም፤ ማን ያለቅስ፣ ማን ንፍሮ ይቀቅል?
ግን ያመጣል። ያመጣል። ሌላ ምን ልበል?

«ስንዱ፣ ለሌላ ሰው መክፈል ይቻላል?»
«ይቻላል፤ ስሙን ይንገሩኝ፣ መቼ ነው የሚሄደው?»
«ሄዷል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።»
ስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መስኮቱን አየች።
«መድን ወደ ኋላ አይሠራም፣ እትዬ» አለች።

አሊዩ ይቆጣ እንጂ፣ ሁለቱ ጥጆች ይሸጣሉ፤
ወርቃማው ላይ ፈረምኩ፤ ጣቶቼ እየዛሉ።
የቀረችው ያቺ ጥያቄ፣ ያቺ ሳጥን ናት።
«አዎ» ላይ ቆየሁ።
ከዚያ ወረድኩ፤ «አላውቅም» ላይ ጭረት አሰመርኩባት።

የሚጓዝ ሰው ነው።
እኛ ያኔ ሸክም ነበርን፤
ሸክም ይጫናል እንጂ
አይጓዝም።