ስምንት ክር

መቶ ሜትር ኬብል በትከሻዬ አዝዬ፣
መሰርሰሪያ፣ ፒንሳ፣ ከረጢት ውስጥ ጥዬ፣
ሰላ ድንጋይ ገባሁ ውርጩ ሳይለቅ ገና፣
የጌጤነህን ቤት ጠየቅሁ ከአንድ ባለ ባና።
"ያ ባለ ሁለት በሩ?" አለኝ ሰውየው ስቆ፣
"አንድ ክዳን ለብሶ፣ እንደ ሁለት አገር ከመሐል ተሰንጥቆ?"

ደረስኩ። እውነቱን ነው።
ካብ ነው ግድግዳው፣ ክንድ ከስንዝር ይሰፋል፤
ራውተሩ ከወዲህ ሳሎን ላይ ያፈጣል፤
ዋይፋዩ ግን ድንጋይ መግፋት የት ያውቃል?
ከወዲያ ጓዳ ሳይደርስ፣ እንደ ደከመ ሰው፣ ቁጭ ብሎ ይቀራል።

ከወዲያ ደምሰው አለ፣ የእናቱ ልጅ።
ባንድ ባሕር ዛፍ ሳቢያ ሁለቱ ተኳርፈው
ዘጠኝ ክረምት ሆነ፣ ይህን ካብ በጀርባ ወዲህ ወዲያ ተደግፈው።
የኢንተርኔቱን ሂሳብ እኩል የሚያዋጡት
በማናስቦሽ እጅ ነው፣ በሷ ነው የሚልኩት፤
ላንዱ ልጅ፣ ላንዱ ደግሞ የወንድም ልጅ ሆና፣
ወዲህ እራት በልታ፣ ወዲያ የምታጠና፤
በዚያ ቤት ሁለት በር ያላት እሷ ብቻ ናት።

የኬብሉን ሽፋን ስገፈው ከጫፉ
ስምንት ቀጫጭን ክሮች፣ ጥንድ ጥንድ እንደተቃቀፉ።
ጌጤነህ ጠጋ አለ። ሸማኔ ነው እሱ፤
ዝተት ሲሠራ ነው፣ በበግ ጠጉር መሐል፣ የሸበተ ራሱ።
መነጽሩን ጠርጎ "ማን ነው የፈተለው?"
አለኝ። "ፋብሪካ" አልኩት። "ፋብሪካ እንዝርት አለው?"
በጥፍሩ ፈልቅቆ ጥንዶቹን ለያየ፤
ብርቱካኑን ቆጥሮ፣ አረንጓዴውን አየ።
"ይሄኛው ከርሯል፣ ያኛው ላላ ብሏል፤
ይህን የፈተለ ወይ ሥራውን ያውቃል፣
ወይ ጠጥቶ ነበር።"

ነገርኩት የማውቀውን፦
ሁለት ጥንድ ባንድ ልክ ከርረው ጎን ለጎን ሲሄዱ
ያንዱ ወሬ ወዳንዱ ይፈስሳል በመንገዱ፤
"ልካቸው መለያየቱ፣ ባንድ ቆዳ እያሉ፣
እንዳይሰማሙ ነው።"
"እንዳይስማሙ?" አለ።
አንዲቷን ፊደል ላርም አፌን ከፈትኩና
ካቡን አየሁትና
ዝም አልኩ።

መሰርሰሪያው ጮኸ። ስሙን ያገኘበት ድንጋዩ እንደሰላ
ሁለት የብረት ጥርስ ሰባብሮ በላ።
ሦስተኛው ዘለቀ፤ በቀዳዳው በኩል ብርሃን ብልጭ ሲል
ከወዲያ ሰው ሳለ፣ ደረቅ የቆላ ሳል።
ጌጤነህ ከኔ ቀድሞ ሳሉን ወዲያው ለየ፤
"ዛሬም አልታከመም" አለ፣ ካቡን እያየ።

ኬብሉን ልሰድ ስል ከእጄ ተቀበለ፤
"ማግ መወርወር የኔ ነው፣ አንተ ቆይ" አለ።
ገፋው። ሄደ። ገፋው፤ አንድ ክንድ፣ አንድ ስንዝር፤
ከዚያ ሳብ አደረገው ከወዲያ አንዳች ነገር።
የሽማግሌው እጅ ቆመ። ኬብሉ ተወጠረ፤
እንደ ድር፣ በሁለት ዳር፣ እየተንዘረዘረ።
"ያዝከው?"
አቧራው ከቀዳዳው ወርዶ መሬት እስኪነካ
መልስ አልነበረም።
"ያዝኩት።"

ይኸው ነው። ሌላ ቃል የጨመረ የለም።
ኮኔክተር አስሬ ስፈትሸው ግን አልሰመረም፤
የቴስተሩ መብራት፣ አራትና ስድስት፣ ተራቸውን ሳቱ።
ማናስቦሽ በሁለቱ በር ተመላልሳ፣ የወዲያውን ጫፍ በስልኳ
አንስታ ብታመጣ፣ ጌጤነህ ገና በጨረፍታ
"ጥለቱ ተዛንፏል" አለኝ፤ "አረንጓዴው የገባው በሰማያዊው ቦታ።"
አስራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። አፈርኩ። ቆርጬ ደገምኩት።

ሂሳቤን ሰጠችኝ፣ ሁለት ቦታ ቆጥራ፣
ያባቷን ከቀኝ ኪሷ፣ ያጎቷን ከግራ።
ስወጣ አየሁት፣ ካቡ ስር ተቀምጦ፣
የተረፈ ቁራጭ ኬብል ቆዳውን ገልጦ፣
አንዷን ጥንድ በጣቱ ያከራል፣ ያላላል፤
ያከራል፣
ያላላል፤
ስንት ዙር ቢቀነስ ነው ያንዱ ላንዱ የሚሰማው፣ እያለ ይመስላል።