የውሃ አባት

ስክሪኑ የመጣ ዕለት፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣
ጣርማ በርን አልፎ መጥቶ፣ በተሸካሚ ጫንቃ ታዝሎ፣
ረምላ ከኋላው ከኋላው፣ ከመናኸሪያው ሮጣ፣
«ቀስ በል ወንድሜ፣ ቀስ በል፤ የሁለታችን ነው ጣጣ!»

ግማሹ የእኔ እቁብ፣ ግማሹ የእሷ ድርሻ፣
ሃያ ሰባት ኢንች እርሻ፣
ሁለት ገበሬ ያለው፣ ሁለት ዓይነት ማረሻ።

የእኔዋ ኮምፒውተር አሮጌ፣ ስትነሳ የምታጓራ፣
የሰርግ ካርድና ታፔላ፣ ሌሊት ከኔ ጋር የምትሠራ።
የረምላዋ ግን ሌላ ናት፤ ጎኗ መስታወት፣ ሆዷ ቀይና ሰማያዊ፤
ጠላት ከግንብ ጥግ ብቅ ሲል፣ ገና ጥላው ሳይወጣ ታየዋለች፣
«ያንተኮ የስልሳ ዓይን ነው፣ አብሽር» ትለኝና ትስቃለች።

ሁለት ገመድ አለ ከጀርባው።
በሷው በኩል በሰከንድ፣ መቶ ስልሳ አምስቴ ይታደሳል፣
በኔ በኩል ስልሳ ብቻ፤ ጠቋሚው እንኳ ያነክሳል።
ድሮ መች አውቀው ነበር? ድሮ መች አንክሶ ያውቃል?
ዓይን አንዴ ፍጥነት ከለመደ፣ በገዛ ቤቱ ይሳቀቃል።

ከፒያሳ ማቀያየሪያ ገዛሁ፣ ክብሪት የምታክል ሳጥን፣
ሁለቱንም ገመድ ዋጠችና፣ ለሁለታችንም ስልሳ ሰጠችን።
«እኩል ሆንን» ብዬ ሳልጨርስ፣ ረምላ ሳጥኗን ነቅላ፣
ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፣ እራቷን በሳህን ነጥላ።

ነገሩ አባባ ጆሮ ገባ። አባባ እንድሪስ ሙሄ፣
ቴሌቪዥን እንኳ የማይወድ፤ «ምንድነው ደሞ ይሄ?»

ግራና እያለ፣ ወደ ደሴ ሳይመጣ ጉልበቱን ታሞ፣
የመስኖ ውሃ አባት ነበር፣ ሌሊት ከቦዩ አፍ ቆሞ፣
ለእከሌ ሽንኩርት፣ ለእከሊት ብርቱካን፣ ኮከብ አይቶ የሚያድል፣
ለገዛ ወንድሙ እንኳን ሚዛኑን የማያጋድል።

ገመዶቹን በጣቱ ዳሰሰ። «የትኛው ነው የላይ ቦይ?
በዚህ ብዙ ይፈሳል አላችሁ፤ በዚህኛው ጥቂት ወይ?»
አሮጌዋን መታ መታ አረጋት፣ እንደ በሬ ሽንጥ፣ በመዳፉ፦
«ይቺ ያረጀች መሬት ናት፤ ጎርፍ ብትለቁባት አትጠጣም፤
ወፍራሙን ለጠጪዋ ስጡ፤ ሰዓት ግን በጥም ልክ አይመጣም።
ከኢሻ እስከ እኩለ ሌሊት ያንቺ፤ ከዚያ እስከ ሱብሂ የሱ፤
ውድድር ካለ ተበደሩ፤ የተበደራችሁትን መልሱ።»

በመጀመሪያዋ ሌሊት ሊያስፈጽም ራሱ መጣ፣
ውጭ የጦሳ ጉም መንገዱን፣ የመብራቱን እንጨት ውጣ…
አይ፣ ጉም ወንድ ነው፤ ውጦ።
አባባ በሽርጡ ቆሟል፣ የእጅ ሰዓቱን ጨብጦ።

እኩለ ሌሊት ሆነ። ረምላ በተኩስ መሃል፣
«አንድ ደቂቃ!» አለች።
«ውሃ አንድ ደቂቃ አያውቅም፤ ይሄዳል።»

ከስክሪኑ ጀርባ ቁልፏን ዳብሼ ተጫንኩ።
ጨለመ።

የሷ ሄዶ የኔ ሳይመጣ፣
ሁለት ሰከንድ ያህል፣ ቢበዛ፣
በጥቁሩ መስታወት ሦስታችንም ነበርን፦
ረምላ፣ ማዳመጫው አንገቷ ላይ፣ አፏ እንደተከፈተ፤
እኔ፣ እጄ ከጀርባው፣ የሰው ኪስ የገባ ይመስል፤
ከበላያችን አባባ፣ አገጩን ወደፊት አስግጎ፣
ሩቅ ማሳ እንደሚያይ።

ከዚያ የሰርጉ ካርድ መጣ፤ የሀርቡ ሙሽሮች ስም፣ በወርቃማ ፊደል፣
«ጥሪ» የሚለው ገና ያልታረመ።
ረምላ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። አባባ ግን አልሄደም።

«ያቺ መሃል ላይ ያለችዋ፣ የማን ተራ ናት?»

ዝም አልን።

«እኛም ዘንድ ነበረች። አንዱን ዘግተህ ሌላውን ስትከፍት፣
ቦዩ ደርቆ፣ ጠጠሩ በጨረቃ ሲታይ።
ለማንም አልጻፍኳትም።»

የረምላን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣
መነጽሩን በሽርጡ ጫፍ ወለወለ።

«እስቲ፣» አለኝ፣ «ደግመህ ተጫን።»