ቆጠራ

ከጥቁር ባሕር በላይ፣ ዝናብ በማይጠግብ ዳገት ላይ፣
ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እንወጣለን፣ ያለውን ከሌለው ልንለይ።
ዛዛ ሜትሩን ይዟል፤ እኔ መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልዬ
የእያንዳንዱን ደጅ ልጠና፣ «አለህ ወይ?» «አለሽ ወይ?» ብዬ።

አበባ ማድነቅ የጎብኚ ነው፤ ትኬት የቆረጠ ያድንቅ።
የኛ ሥራ ጎንበስ ማለት፣ ከግንድ ላይ አረንጓዴ ሽበት መፈቅፈቅ፣
የቆርቆሮ ቁጥር በአውራ ጣት ጠርጎ ማንበብ፣
የመጣበትን ገደል፣ ዘር ለቃሚውን፣ ቀኑን መመዝገብ፣
ደግሞም የምልክቷን ሽቦ በየዓመቱ ማላላት፣
ዛፉ እየወፈረ ሄዶ በገዛ ስሙ ታንቆ እንዳይሞት።
ቁጥር የሌለው ዛፍ ጥላ ነው።
ጥላ ደግሞ አይመሰክርም።

ከኔ በፊት መዝጋቢው ቩኮል የሚሉት ሰው ነበር፤
ጽሕፈቱ ችግኝ ይመስላል፣ በመስመር የቆመ፣ የማይሰበር።
ሁኔታ፦ ደህና። ሁኔታ፦ ታማሚ። ሁኔታ፦ ሞተ።
ምክንያት፦ ውርጭ። ምክንያት፦ መብረቅ። ከዚያ ወዲያ ዝም፤ ሐዘኑን ለራሱ ከተተ።

ጋዙ የተቋረጠ ጊዜ፣ መብራት በጠፋበት ያ የብርድ ወራት፣
ሰዎች መጋዝ ይዘው መጡ፣ የወንበር እግር አንድደው የጨረሱ ለት።
በሩ ላይ ቆሞ መለሳቸው። ለሚስቱ ወንድም እንኳ
አንዲት ጭራሮ አላስነካ።
የራሱም ቤት ምድጃ ባዶ እንደ ነበር ልጁ ነግራኛለች፤
አባቷን «ዛፍ ያገባ» ስትል ትንሽ ትስቃለች።

ግን የመስታወቱ ቤት አለ። ውስጡ ቫኒላ፣ ካካዎ፣ የዳቦ ፍሬ ዛፍ፣
ብርድን በስሙ እንኳ የማያውቁ፣ ሦስት መቶ ሸክላ አፍ ለአፍ።
ቴርሞሜትሩ ወደ ሁለት ሲወርድ፣ ሌሊቱ ሲጠና፣
ፋኖስና መጥረቢያ ይዞ ወጣ፤ ብቻውን ሽቅብ ቀና።

የዚያ ለት ገጽ ይኸው፤ ቀለሙን ውሃ ነክቶታል፦
አራት መቶ አሥራ ሰባት። ዜልኮቫ። ከቆላው ደን፣ በዘር የመጣ።
ሁኔታ፦ ሞተ።
ምክንያት፦ እኔ።

በማግስቱ አንድ መስመር ብቻ፦
የመስታወት ቤት፣ ዘጠኝ ዲግሪ። ሁሉም አሉ።

ኋላ ናዳ መንገዱን ዘጋው፣ ቀርከሃ ወረሰው ቦታውን፤
ማንስ ሊጠይቅ ይሄዳል፣ በመዝገብ የሞተውን?
ሠላሳ ዓመት ከወረቀት ወደ ወረቀት ገለበጥነው፣
«ሞተ»ን ባማረ ጽሕፈት፣ ቦታው ድረስ ሳንሄድ ቀዳነው።

ዘንድሮ ዛዛ ገጀራ ይዞ ገባ።
«ማቅቫላ! ነይማ!» አለ። ድምፁ እንግዳ ሆነብኝ።
ስቆጥር የኖርኩ ሴት፣ ምን ይቆጠቁጠኛል ብዬ ነበር፤ ቆጠቆጠኝ።
ጉቶው አቆጥቁጧል።
ሦስት ግንድ፣ እንደ ክንዴ የወፈሩ፣ ቀርከሃውን በትከሻ ገፍተው።
አቆራረጡ ሰያፍ ነው፣ ውሃ እንዳይተኛበት፤
ያ ሰው ሲቆርጥ አስቦበት፣
በጨለማ፣ በዚያ ብርድ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠበት።

«አዲስ ቁጥር እንስጠው?» ይላል ዛዛ። አፈሩን በጣቴ ቆፈርኩ።
ከወደቀ ዘር ከሆነ ልጅ ነው፤ ከሥር ከሆነ፣ ራሱ።
ከሥር ነው። ራሱ።

በኛ ቤት ሕግ መዝገብ አይፋቅም፤ ስሕተትም ቢሆን ይነበባል።
«ሞተ» ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሳብኩ፣
አጠገቡ «አለ» ብዬ ጻፍኩ።
የመጨረሻውን ዓምድ አልነካሁትም። ምክንያቱ ያው ነው።

ዛዛ ቆርቆሮው ላይ ያንኑ ቁጥር በሚስማር ይመታል፣
ሽቦውን አስረዝሞ፣ አላልቶ።
ዝናቡ መዝገቡ ውስጥ ሊገባ ነው።
ቀጥሎ፣ አራት መቶ አሥራ ስምንት፤
«አለህ ወይ?»