ሆኑ

ማአላያ ወደብ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ሰልፍ ይዘን ቆመናል፣ ባሕር ልንወርድ።
ጫማችን በቅርጫት ከወደቡ ቀረ፤
ሐኪሙም ሾፌሩም ባዶ እግሩን ነበረ።
ትርሲት ከፊት ቆማ፣ እኔ ከኋላዋ፣
ያደረ ኩርፊያ ነው የሚያየኝ ጀርባዋ።

ነገሩ ፊርማ ነው።
ለወንድሜ መኪና፣ ለዚያ ለጭነቱ፣
ዋስ ሆኜ ፈርሜ፣ ሳትሰማ እመቤቱ፣
ደብዳቤው እሷ እጅ ገባ፣ በጉዟችን ዋዜማ።
"ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጣራ ስንኖር፣
አንድ ቃል" አለችኝ፣ "አንድ ቃል ብትነግር!"
የጀልባውን ቲኬት ልጃችን ባትገዛው፣
አልጋ ለይተን ነበር ቀኑን የምንገፋው።

ካፒቴን ኬኦኒ ሞተሩን ቀስቅሶ
ወሰደን፣ የጠዋቱን ማዕበል ጥሶ፣
ወደ ሞሎኪኒ። እሳት የነበረ፣ ውሃ ያበረደው፣
ግማሽ ቀለበት ነው፤ ግማሹን ባሕር ወሰደው።

ኖኤላኒ መጣች፤ ዕቃ ታድላለች፤
"መስታወቱን በምራቅ እሹት" ትለናለች።
በገዛ ምራቁ ዓይኑን ያልወለወለ
ባሕር ውስጥም ገብቶ ጉም ሲያይ ነው የዋለ።
"ዋና ትችላለህ?" ብላ ብትጠይቀኝ፣
ትርሲት በአማርኛ፣ ዞር እንኳ ሳትልልኝ፣
"እሱ መቼ አውቆ ዋናውን!" አለች፣ ለነፋሱ።
ኖኤላኒ ምን ይግባት፤ ፊቴን ግን አነበበች፣
ቢጫ የስፖንጅ ዱላ ብብቴ ሥር ሻጠች።
ሰሙ ከእኔ ጋራ ተንሳፍፎ ቀረ፤
ወርቁ ግን ከበደ፣ ወርዶ ተቀበረ።

መሰላሉን ወረድኩ።
ጆሮዬ ውሃ ሲገባ ዓለም ተዘጋ፤
የቀረኝ የራሴ ትንፋሽ፤ ሲገባ፣ ሲወጣ፣
ከጎን ክፍል እንደተኛ የማላውቀው ሽማግሌ።
ወይ ጉድ፣
ቧንቧ የነከሰ አፍ ምን ብሎ ይሟገት!
"ወንድሜ ነው እኮ" የምትል ምክንያት
ከጉሮሮዬ ተነስታ አረፋ ሆና ወጣች።
ከሥሬ ገበያ ቆሟል፤
ሎሚ የመሰለ ዓሣ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረ ዓሣ፣
አረንጓዴው ደግሞ ድንጋይ ይቆረጥማል፣
ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ይሰማል።
ያ ሁሉ ነጭ አሸዋ፣ ትናንት የተጋደምንበት፣
ለካስ የዚህ ጌታ ዓይነ ምድር ኖሯል!

ድንገት ከጀልባው ላይ "ሆኑ! ሆኑ!" የሚል ጩኸት።
"ምን ሆኑ?" አልኩ ቀና ብዬ፤ ልቤ ቀጥ አለ።
እነማን ሆኑ? ማን ሰጠመ?
ቧንቧ ቆጠርኩ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ።
የትርሲት ብርቱካናማው የለም።
ቢጫውን ዱላ ለቀቅኩት። ዋና ሳላውቅ።

አንድ እጅ አንጓዬን ያዘኝ፤ የማውቀው እጅ፣
በክረምት የሚሰነጠቀው፣ ቅባት የምገዛለት።
በሌላው ጣቷ ወደ ታች አመለከተች።
ኤሊ ናት። በደሴቲቱ ልሳን "ሆኑ" ነው ስሟ።
ጠረጴዛ ታክላለች። ድንጋዩን ለቃ
ሳትቸኩል በመሀላችን ወጣች፤
አንዴ ተነፈሰች፣
ከሠርግ የተመለሰች ባልቴት
ጫማዋን አውልቃ እንደምትተነፍሰው፤
ተመልሳ ወረደች።
እጄ ግን አልተለቀቀም።

ጀልባው ላይ አናናስ ሰጡን። በሁለታችንም ፊት
መነጽሩ የጣለው ክብ አለ፣ ሰንበር የመሰለ።
ተንቀጠቀጥን። የደረሰን ፎጣ አንድ ነው።
"ወለዱ ስንት ነው?" አለች፣ ጭማቂው አገጯ ላይ እየወረደ።
ነገርኳት። አልቀነስኩም።
"ጅል" አለችኝና ፎጣውን ወደ እኔ ገፋችው።

ኖኤላኒ በጠመኔ፣ ሰሌዳው ላይ፣
የዕለቱን ያየነውን ትጽፋለች፤
ዓሣውን በየዓይነቱ፣ በረድፍ፣
ከሁሉም ሥር ደግሞ ቁጥርና ስም።
በእነሱ ፊደል የተጻፈውን በእኔ አነበብኩት፦
አንድ ሆኑ።

ለትርሲት አላነበብኩላትም። ገና ነው።
ወለዱ ሰባት ነጥብ አራት ነው።